የተከፈለ ገንዘብና ያልደረሰ ዕቃ

ሰው ገንዘቡን በገበያ ላይ ቈጥሮ ዕቃውን እዚያው ሲረከብ ከሻጩ ጋር ያገናኘው ጉዳይ በዚያው ያልቃል። ገንዘቡ ዛሬ ተከፍሎ ዕቃው ለሌላ ቀን ሲቀጠር ግን በገዢውና በሻጩ መካከል ሦስተኛ ነገር ይገባል፤ ይኸውም እምነት ነው። እምነቱ የጸና እንደ ሆነ ንግድ ይሰፋል፤ የሩቅ አገር ዕቃ በቅርብ ይገኛል፤ ትንሹም ነጋዴ በሰው ገንዘብ ሠርቶ ትልቅ ይሆናል። እምነቱ የተጓደለ እንደ ሆነ ግን ሁሉም እጁን ይሰበስባል፤ ገበያውም በእጅ ለእጅ ብቻ ይወሰናል። ስለዚህ «ነጋዴው ገንዘቡን ተቀብሎ ዕቃውን ያላመጣ እንደ ሆነ ገዢው ገንዘቡን በምን መንገድ ያስመልሳል?» የሚለው ጥያቄ የሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ ብቻ ሳይሆን የአገር ሀብት ጥያቄ ነው። አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጡትን መልስ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እንመረምራለን።

ምርመራችንንም ከሁርሶ እንጀምራለን። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በቈላው ሜዳ ላይ፣ የጅቡቲና የአዲስ አበባ አሮጌ የምድር ባቡር መስመር ያለፈባት ትንሽ ስፍራ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በጦር ማሠልጠኛዋ ነው። ለንግድ ታሪክ ግን ሌላ ትርጕም አላት። ባሕሩ በስተ ምሥራቅ፣ ደጋው በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ ስለ ሆነ፣ በዚህ በቈላው በኩል የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ገዢው ከሚኖርበት ርቆ፣ ሻጩም ከማይታይበት ተነሥቶ የሚጓዝ ነበር። ገንዘብ የከፈለ ሰው ዐይኑን ወደ አሸዋው አቅንቶ ወራት ይጠብቅ ነበር።

በዚህ አገር ከባቡር በፊት የነበረው ዋስትና በሰው ላይ የቆመ ነበር። በሶማሌ ባሕር ዳርቻና በሐረር መንገድ ላይ «አባን» የሚባል ሥርዐት ነበረ። እንግዳው ነጋዴ ከአገሩ ሰው መካከል አንድ አባን ይይዛል፤ አባኑም የእንግዳውን ሕይወትና ዕቃ ይጠብቃል፤ በግብይቱም መካከል ይቆማል፤ ለዚህም ድርሻውን ይቀበላል። በእ.ኤ.አ. 1854 እና 1855 ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ይህንን ሥርዐት በጽሑፉ አስፍሮታል። ከዚህም በላይ በዚህ ቈላ የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች «ሔር ኢሳ» የሚባል በቃል የሚተላለፍ ሕግ አላቸው። በዚህ ሕግ ጥፋት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ያጠፋው ሰው ካሣ መክፈል ቢያቅተው ወገኖቹ ተካፍለው ይከፍላሉ። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት ይህ ሕግ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የሥርዐቱ ጥበብ ግልጥ ነው፤ ሰው ሊሸሽ ይችላል፤ ወገኑ ግን ከነከብቱ ከነውሃ ጕድጓዱ አይሸሽም።

በደጋውም አገር ቢሆን ዋናው መተማመኛ ዋስ ነበር። ውል ሲደረግ ዋስ ይጠራል፤ ባለ ዕዳው ያልተገኘ እንደ ሆነ ዋሱ ይያዛል። ባለ ዕዳው ዋስ ያጣ እንደ ሆነ ደግሞ ቁራኛ ይመጣ ነበር። ቁራኛ ማለት ገንዘብ ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ወይም ነጠላቸውን ከነጠላ ቋጥረው፣ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ አብረው የሚሄዱበት፣ አብረው የሚበሉበት፣ አብረው የሚያድሩበት ሥርዐት ነው። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር ሰዎች በየገበያውና በየዳኛው ደጅ ሁለት ሁለት ሆነው ተቋጥረው የሚሄዱ ሰዎችን እያዩ ይደነቁ ነበር።

ይህን ሥርዐት የዛሬ ሰው ሲሰማው ይሥቅ ይሆናል። እኛ ግን በውስጡ ያለውን ሐሳብ መመርመር ይገባናል። ፖሊስና ወህኒ ቤት በየስፍራው ባልነበረበት ዘመን ተከሳሹ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ከከሳሹ የበለጠ ትጉህ ማንም አልነበረም። ደግሞም ከሳሽ ራሱ አብሮ ስለሚታሰር በሐሰት መክሰስ እንዲያው የሚደፈር ነገር አልሆነም። ጕዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጥ ነበር። ሁለቱም ሥራ ይፈታሉ፤ ገበሬው እርሻውን፣ ነጋዴው ገበያውን ይተዋል። በአሥር ብር ክርክር የሠላሳ ብር ሥራ ይቀራል። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ቁራኛ የሰውን ሥጋ ይይዛል እንጂ ገንዘቡን አይዝም፤ ባለ ዕዳው ንብረቱን ለዘመድ አሸሽቶ እጁን ለሰንሰለት ቢሰጥ ባለ ገንዘቡ ከባዶ እጅ ጋር ተሳስሮ ይቀራል። ሕግ ቀስ በቀስ ከሰው አካል ወደ ሰው ንብረት የተሻገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ዘመን የውጭ አገር ነጋዴዎች ከባሕር ማዶ ዕቃ እያስመጡ ለነገሥታቱ ማቅረብ በጀመሩ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የላባቱና የራምቦ ጕዳይ ነው። ፒየር ላባቱ የሚባል የፈረንሳይ ነጋዴ በሸዋ ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። በእ.ኤ.አ. 1885 ከአርተር ራምቦ ጋር ተዋውሎ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ተነሣ። ራምቦ በወጣትነቱ በፈረንሳይ አገር በቅኔው የታወቀ፣ በኋላ ግን ቅኔውን ትቶ በዓደንና በሐረር ንግድ የያዘ ሰው ነው። ዕቃው በታጁራ ወደብ ለብዙ ወራት ቆመ። ላባቱ በዚህ መካከል ታምሞ ወደ አገሩ ሄደና ሞተ። ራምቦ ብቻውን በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ አንኮበር ገባ።

በዚያ የጠበቀው ግን የዕቃው ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ የሟቹ ዕዳም ነበር። ላባቱ ለንጉሡ ነበረበት የተባለው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ላይ ተቀነሰ። ሌሎችም ባለ ገንዘቦች «ላባቱ ይህን ያህል ቀርቶበታል» እያሉ ወደ ራምቦ መጡ። የተረፈውም ዋጋ በእጅ አልተከፈለም፤ በዚያው ዓመት ሐረር በምኒልክ እጅ ገብታ ስለ ነበር፣ ገንዘቡን እዚያ ከደጃዝማች መኰንን ዘንድ እንዲቀበል ደብዳቤ ተሰጠው። ራምቦም ከኪሣራው ጋር ወደ ሐረር ወርዶ የሒሳቡን ዝርዝር በዓደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ጽፎ አመለከተ።

ይህንን ታሪክ ከሁለት ወገን ማየት ይቻላል። ከንጉሡ ወገን የሆነ እንደ ሆነ «ዕዳ ያለበት ነጋዴ ዕቃ በእጃችን ሲገባ ዕዳችንን ካልቀነስን መቼ እናገኘዋለን?» ይላል፤ ላባቱ ሞቷል፤ አገሩም ሩቅ ነው። ከራምቦ ወገን የሆነ ደግሞ «የሰውየው ዕዳ በሰውየው ድርሻ ላይ ይፈለግ እንጂ ስለ ምን በባልንጀራው ላይ ይወርዳል?» ይላል። ሁለቱም የሚሉት እውነት አለው። የጠፋው ነገር እውነት ሳይሆን ጽሑፍ ነው። የላባቱ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ የእያንዳንዱም ባለ ገንዘብ ጥያቄ ከየት እንደ መነጨ በአንድ የታወቀ መዝገብ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በቍጥር ያልቅ ነበር። የኋለኛው ዘመን ሕግ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ዕዳ ያለባቸው እንደ ሆነ አንዱ በሌላው ይቻቻላል ይላል፤ ነገር ግን የሚቻቻለው የራስ ዕዳ ከራስ ገንዘብ ጋር ነው፤ ልኩም የታወቀ መሆን አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጕዳይ ከግመል ጭነት እጅግ የሚበልጥ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚደርስ የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። የኢልግ ባልንጀራ ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኑ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ግን ወደ ሐረር የሚያወጣውን ተራራ ሲመለከቱ ገንዘቡ እንደማይበቃ ስላወቁ መስመሩ ሐረርን ትቶ በቈላው እንዲሄድ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ በዚያ ስፍራ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ይህ ከተማ ድሬዳዋ ነው። እንግዲህ ድሬዳዋ የተወለደችው ከተጓደለ ውል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ በውሉ የተጻፈው ሐረር ነበር፤ የደረሰው ግን አዲስ ሐረር ሆነ።

መስመሩም በዚያው ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። የፈረንሳይ መንግሥት በእ.ኤ.አ. 1902 በየዓመቱ ድጎማ ለመስጠት ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ እጁን በሥራው ውስጥ አገባ። አፄ ምኒልክም የፈቀዱት ለኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት ስላልነበረ ተቈጡ፤ መስመሩ ከድሬዳዋ እንዳያልፍም ከለከሉ። እንግሊዝና ኢጣልያም የየራሳቸውን ጥቅም ይዘው በክርክሩ ገቡ። ለብዙ ዓመታት ሐዲዱ በድሬዳዋ ተቋርጦ ሲቀር፣ ሁርሶና ከእርሷ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ በግመልና በበቅሎ ብቻ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ የቀድሞው ኩባንያ ወድቆ በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ ኩባንያ አዲስ ፈቃድ ተሰጠ። ሐዲዱም ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሁርሶ በኩል ወደ አዋሽ ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሥራው ከተጀመረ ወደ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ጊዜ የወሰዱት መንገድ ለሕግ ተማሪ ትምህርት አለው። ውሉን የተዋዋለው ወገን ሳይፈጽም ሲቀር ባለ መብቱ ሦስት በሮች አሉት፤ «እንደ ውልህ ፈጽም» ማለት፤ ውሉን አፍርሶ የሰጠውን ማስመለስ፤ ወይም ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማስፈጸም። አፄ ምኒልክ ቀድሞ የመጀመሪያውን ሞከሩ፤ ነገሩ ከውሉ ሲወጣ ፈቃዳቸውን ያዙ፤ በኋላም ሦስተኛውን መረጡ። የተሠራውን ሐዲድ ነቅሎ መመለስ ለማንም አይጠቅምም ነበርና ይህ ምርጫ ከቍጣ ይልቅ ከማስተዋል የመጣ ነው።

ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ ከየአገሩ ነጋዴ ገባ፤ ፈረንሳዊ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ህንድና ዐረብ ሱቅ ከፈተ። ክርክርም አብሮ ገባ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ አገር ሰውና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ተቀምጦ እንዲያይ፣ ተከሳሹም በገዛ አገሩ ሕግ እንዲዳኝ አደረገ። ስለዚህ ገንዘቡን ለውጭ አገር ነጋዴ ከፍሎ ዕቃው የቀረበት ኢትዮጵያዊ፣ በገዛ አገሩ ቆሞ በማያውቀው ሕግ ይከራከር ነበር። በዚያ ዘመን የንግድ ክርክር የሚያየውና ቀረጥ የሚሰበስበው ሹም ነጋድራስ ይባላል። የባቡሩ ሥራ ተቈጣጣሪ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ አገር ሀብትና ስለ ንግድ ሥርዐት የጻፉት፣ ነገሩን በሩቅ ሰምተው ሳይሆን ባቡሩ ከሚያራግፍበት ስፍራ ተቀምጠው ስላዩት ነው።

ከዚያ ወዲህ የጽሑፍ ሕግ እየበዛ ሄደ። በ1925 ዓ.ም. የማኅበርና የኪሣራ ሕግ ወጣ። የኪሣራ ሕግ ትርጕሙ ይህ ነው፦ ነጋዴው ሁሉን ለመክፈል ያልቻለ እንደ ሆነ ቀድሞ የደረሰ ወይም ጕልበት ያለው ሁሉን ጠቅልሎ እንዳይወስድ፣ የተረፈው ንብረት ተሰብስቦ ለባለ ገንዘቦች በሕግ በተወሰነው ተራ ይከፋፈላል። ራምቦን ከአንኮበር ጀምሮ የተከታተሉት ባለ ገንዘቦች ያጡት ይህንን ነው።

ዛሬም ድረስ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በዚህ ሕግ ከቍጥር 1771 ጀምሮ የተጻፈው የገዢውን መንገድ ያሳያል። ነጋዴው በቀጠሮው ዕቃውን ያላስረከበ እንደ ሆነ ገዢው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በማስጠንቀቂያውም ተገቢ የሆነ ጊዜ ወስኖ «ከዚህ ቀን በኋላ አልቀበልም» ለማለት ይችላል። ከዚያ በኋላ ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲፈርስለት ይጠይቃል። ውሉ የፈረሰ እንደ ሆነ ሁለቱም ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ይመለሳሉ፤ ይኸውም ገዢው የከፈለውን ገንዘብ ይቀበላል ማለት ነው። ዕቃው በመቅረቱ የደረሰበትንም ጕዳት ጨምሮ ይጠይቃል። የገንዘብ ዕዳ ሲዘገይ የሚታሰበው ሕጋዊ ወለድ በዓመት ከመቶ 9 ነው።

ነጋዴው «ዋጋ ጨመረብኝ» ቢል ሕጉ ይህንን ምክንያት አይቀበለውም። ጦርነት፣ የተፈጥሮ መቅሠፍት ወይም የመንግሥት ክልከላ ከዐቅም በላይ ሆኖ አግዶት እንደ ሆነ ግን ካሣ ከመክፈል ይድናል። እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውል የምንወደው ነገር አለ፤ ከካሣ መዳን ሌላ፣ የተቀበሉትን ዋጋ ማስቀረት ሌላ ነው። ዕቃውን ሳያስረክብ የቀረ ሻጭ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ዋጋውን ይዞ የሚቀርበት ምክንያት የለውም።

ቀብድንም ከዋጋ መለየት ያስፈልጋል። ቀብድ ለውሉ መደረግ ምልክት ሆኖ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። በቍጥር 1885 እንደ ተጻፈው፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ሙሉ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ግን ገንዘቡ ቀብድ ነው ካልተባለ በቀር እጥፉን ሊጠይቅ አይችልም፤ የከፈለውንና የደረሰበትን ጕዳት ይጠይቃል እንጂ። በየገበያው «ቀብድ ሰጠሁ» የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ምን እንደ ሰጠ በወረቀት ያሰፈረው ግን ጥቂት ነው።

ሥነ ሥርዐቱም ተከትሎ መጣ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ተከሳሹ ንብረቱን ሊያሸሽ ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲያሰጋ ፍርድ ሳይሰጥ ንብረቱ እንዲከበር መንገድ ከፈተ። ቁራኛ የሰውን እጅ አሠረ፤ ይህ ሕግ ግን ንብረቱን ያሥራል። ልዩነቱ ታላቅ ነው። ክስ የማቅረቢያው ጊዜም ወሰን አለው፤ ሕጉ ለዚህ ዐይነቱ ጥያቄ በቍጥር 1845 የወሰነው ይርጋ ዐሥር ዓመት ነው። ዕዳን በይሉኝታ ተሸክሞ የሚኖር ሰው ይህን ቢያስብ ይበጀዋል።

ታላላቅ መንግሥታት እንኳ ከዚህ መከራ አላመለጡም። በ1969 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ በተቃቃሩ ጊዜ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ አቅርቦት ተቋርጦ፣ ከታዘዘው መካከል ሳይደርስ የቀረ ነበር። የኢራን ጕዳይ ደግሞ ለሁሉም ምሳሌ ሆኗል። የኢራን ንጉሥ መንግሥት ለጦር መሣሪያ መግዣ በአሜሪካ ያስቀመጠው 400 ሚሊዮን ዶላር በእ.ኤ.አ. 1979 አብዮቱ ሲነሣ ዕቃው ሳይደርስ ተያዘ። በእ.ኤ.አ. 1981 በላሄ ከተማ ለሁለቱ አገሮች ክርክር ልዩ ሸንጎ ተቋቋመ። ገንዘቡ የተመለሰው በእ.ኤ.አ. 2016 ነው፤ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ጋር። እንግሊዝም ኢራን ዋጋቸውን ከፍላ ሳይደርሷት ለቀሩት ታንኮች ወደ 400 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ የመለሰችው በእ.ኤ.አ. 2022 ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመለስ ገንዘብ ተመለሰ ይባላልን? በሒሳብ አዎን። ነገር ግን ገንዘቡን የከፈለው ትውልድ በእርሱ አልተጠቀመም። ሆኖም ውሉ በጽሑፍ፣ ገንዘቡም በታወቀ ሒሳብ ስለ ነበረ፣ መንግሥት ቢለወጥም ጥያቄው አልሞተም።

ለዚህ በሽታ የንግድ ዓለም ያገኘው መድኀኒት ገንዘቡን በነጋዴው እጅ ሳይሆን በባንክ እጅ ማኖር ነው። ገዢው በባንክ የብድር ደብዳቤ ይከፍታል፤ ባንኩም ዕቃው መጫኑን የሚያስረዳው የመርከብ ሰነድና ሌላው ወረቀት ተሟልቶ ሲቀርብ ብቻ ይከፍላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አስቀድሞ ሲከፍል የባንክ ዋስትና ይቀበላል። ይህ ዋስትና፣ አባኑ በአሸዋው ላይ፣ ዋሱም በዳኛው ፊት ያደርጉት የነበረውን ሥራ በወረቀት የሚሠራ ነው። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው።

ነገር ግን ወረቀት በራሱ አይሠራም። የዋስትናው ቀን ከማለፉ በፊት የሚያስታውስ ጸሓፊ፣ ዕቃው ሳይገባ «ገብቷል» ብሎ የማይፈርም ግምጃ ቤት፣ ማስጠንቀቂያውን በቀኑ የሚልክ ሹም ያስፈልገዋል። የመንግሥት ገንዘብ ጠፋ ሲባል ጕዳቱ በመዝገብ ላይ የሚታይ ቍጥር ይመስለናል። በእውነቱ ግን የጠፋው ለትምህርት ቤት ያልደረሰ መጽሐፍ፣ ለሐኪም ቤት ያልደረሰ መድኀኒት ነው፤ ሕፃኑም በሽተኛውም ከነጋዴው ጋር ቁራኛ ሊቋጠሩ አይችሉም። ስለ እነርሱ መያዝ የሚገባን እኛ በየወንበሩ የተቀመጥነው ነን።

በሁርሶ በኩል ያለፈው አሮጌ ሐዲድ ዛሬ የቀድሞ አገልግሎቱን አይሰጥም፤ ሌላ አዲስ መስመር ተተክቶለታል። ያ ሐዲድ ግን ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ያልቀረውም ውሉን የሚያስታውስና የሚጠይቅ ስለ ነበረ ነው። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ፤ የወጣ ቃል ተመልሶ አይያዝምና። በጽሑፍ ያሰሩት፣ በዋስ ያጸኑት፣ በቀኑም የጠየቁት ቃል ግን አፋፉን አልፎ ቢሄድም ተከትለው ይደርሱበታል።